ዷድ

እዚህ አገር ስሜ ጃንጥላ ማለት ነው፣
ዝናብ በማያውቀው፣ ፀሐይ በሚጠብሰው።
«ሸምሲያ» ስላቸው ልጆቹ ሳቁና
ጃንጥላ ሆኜ ቀረሁ፣ ጃብሪያ ሰፈር፣ ገና
በገባሁ በነጋው።

ማማ ሉልዋ እንኳ ደረጃው ሲከብዳት
«ጃንጥላዬ ነይ» ትላለች፤ እሮጣለሁ ልይዛት።
ግድግዳዋ ላይ አለ የወጣትነት ፎቶ፦
እጅጌው ጉርድ ቀሚስ፣ ጸጉሯ ለነፋስ ተሰጥቶ፣
ከባሕሩ ዳር ቆማ።
«አባያዬን ያኔ በክብሪት አቃጥዬ
እሳቱን ሞቄያለሁ፣ ነፃ ወጣሁ ብዬ።
ልጄ ያንን አመድ ለብሳው መጣች ሰፍታ፤
ማን አዘዛት? ማንም! አንድ ማክሰኞ ማታ።»

ጋኒማ ናት ልጇ። ወለድ ስታሰላ
ዘጠኝ ዓመት ኖራ፣ ከባንኩ ወጣች ምሳ ሳትበላ፤
አባቷ በሕይወቱ ካርታ ይጫወትበት የነበረውን
ዲዋኒያ ከፈተች። ትራሱን እኔ ነኝ ያናፈስኩት፣
ከምንጣፉ ሥር አንድ የቀረች ካርታ አግኝቼ
ከኪሴ ከተትኳት፤ ለማን ልስጣት?

ረቡዕ ረቡዕ ሴቶች ይመጣሉ።
ሼህ የለም፤ ከመሥሪያ ቤት የተላከ ሰው የለም፤
መሐል ላይ፣ ትራስ ተደግፎ፣ ስልክ ነው የሚቀራው፣
እነሱ ይከተሉታል ጣታቸው መስመሩ ላይ፣
እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ።
እኔ በጫማቸው ነው የማውቃቸው፦
ተረከዘ ቀጭኑ የጥርስ ሐኪሟ፣
ሲሚንቶ የነካው የመሐንዲሷ፣
ዋጋው የእኔ የዓመት ደመወዝ ነው የሚባለውም
ከበሩ ላይ ሲወልቅ፣ እንደ ማንም ጫማ አፉን ከፍቶ ያዛጋል።

ከዷድ ላይ ሲደርሱ ሁሉም ይወድቃሉ።
ዷድን ዟ ያደርጓታል፣ የሰፈር አፋቸው ነው፤
ስልኩ ይደግመዋል፣ እነሱም ይደግሙታል፣
ስልክ ደግሞ አይቆጣ፣ ምላስ አይቶ አያርም።

እኔ ከሐርቡ ማዶ፣ ከሸህ ጦይብ ደጃፍ
ሉሕ አጣቢ ነበርኩ፤ የወንዶቹን ጥናት፣ የጥላሸቱን ጽሕፈት
በውኃ የማጠፋ።
ቃሉ ከእንጨቱ ሲለቅ በጣቴ ላይ ይቀራል፤
ድምፁ ከአጥሩ ሲያልፍ በጆሮዬ ይቀራል።
ቀሪ አልተባልኩም እንጂ ቀርቻለሁ።
ሸሁ አለንጋቸውን እያወዛወዙ፦
«ከምላስ ጎን ነው! ከመንጋጋህ አስጠጋት!
ግመል ስታመሰኳ አላየህም፣ አንተ?»

እና ያን ረቡዕ፣ ሻዩን ይዤ ቆሜ፣
ዟ፣ ዟ፣ ዟ ሲሉ፣
አፌ አመለጠኝ።

ዷድ።

ስልኩን አጠፉት። ሻዩ ብርጭቆው ውስጥ ተንቀጠቀጠ፤
እጄ ነበር ለካ።
ጋኒማ ቀና አለች፦ «እንደገና በዪው።»
አልኩት።
የጥርስ ሐኪሟ ጎንበስ ብላ
መንጋጋዬን አየች፣ የትኛው ላይ እንደሆነ።
«ቁጭ በዪ» አሉኝ። ሰሐኑን የት ላስቀምጠው?
ማንም አልተቀበለኝም፤ ከጭኔ ላይ አድርጌው
አስራ አራት ሴት አረምኩ፣ አንድ በአንድ፣
እንደ ሸሁ ልቆጣ እየቃጣኝ።
ስሜን ጠየቁኝ። አልሳቁም።

ሦስት ሰዓት ላይ ተነሡ። ጫማው በየባለቤቱ ሄደ።
አስራ አምስት ብርጭቆ አጠብኩ፤
አስራ አምስተኛው የራሴ ነው፤ እሱን ሁለቴ አለቀለቅሁት።

ማታ የማማ ሉልዋን ጉልበት እያሸሁ ነው፦
ጥርሷ ከብርጭቆው ውስጥ፣ ብርጭቆው ኮመዲኖው ላይ፣
ፓስፖርቴ ከኮመዲኖው ውስጥ፣ ከመድኃኒቷ ሥር።
«ከታች ስትስቁ ሰማሁ» አለች። አልሳቅንም ነበር።
ከዚያ ዝም። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞራ፦
«እስቲ በያት፣ ያቺን ፊደል። እናቴ ነበረች የምትላት።»
አልኳት።
ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ምላሷ ጎኑን ፈለገ፣
የሚደገፍበት መንጋጋ የለም፣
አየር ብቻ ወጣ።

እጇን ወደ ብርጭቆው ዘረጋች።